ተገልብጦ መነሣት፤ የግሪንላንድ ኢኑይቶች የካያክ ጥበብና የትምህርቱ ታሪክ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ አንድ ሕዝብ የእጅ ጥበብ የሚጽፍ ሰው ጥበቡን የወለደው ምን ችግር እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው የግሪንላንድ ኢኑይቶች ካያክ በሚባለው ጠባብ ጀልባቸው ላይ ሳሉ ሲገለበጡ፣ ከመቀመጫቸው ሳይወጡ ከውሃ ውስጥ ተመልሰው የሚነሡበትን ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር የመዝናኛ ስፖርት ሆኖ ስለሚታይ፣ አመጣጡም ከጨዋታ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ሌላ ነው። የመነሣት ዘዴዎቹ ዝርዝር በመሠረቱ የአደጋዎች ዝርዝር ነው፤ አብዛኛው ዘዴ በባሕር ላይ አዳኙን ለሚያገኘው አንድ ዓይነት አደጋ የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ በፊደል ያልተጻፈው የአዳኞቹ ኑሮ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል ማለት ይቻላል። እንዲህም ከሆነ፣ አደጋው ሲቀር ጥበቡ ምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል።

«ኢኑይት» ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ሲሆን፣ በቀድሞ መጻሕፍት «እስኪሞ» እየተባለ የተጻፈው ይኸው ሕዝብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ጀልባውና የባሕሩ ሥራ

የታሪክ ተመራማሪዎች «የቱሌ ሕዝብ» የሚሏቸው የዛሬዎቹ ኢኑይቶች አባቶች፣ ከአላስካ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ እየተስፋፉ በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ግሪንላንድ ደረሱ። ከደሴቲቱ አምስት እጅ አራቱ በዘለዓለማዊ በረዶ የተሸፈነ ነው። ሰው የሚኖረው በባሕሩ ዳር ባለው ጠባብ መሬት ላይ ሲሆን፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ የመብራቱና የማሞቂያው ዘይት በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ነበር። ከሁሉም ይልቅ የኑሮው ምሰሶ አቆስጣ፣ አንዳንዶች በፈረንጅ ስሙ ሲል የሚሉት፣ አጥቢ የባሕር እንስሳ ነበር።

ይህን እንስሳ ለማደን ድምፅ የማያሰማ፣ ፈጣንና አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ በበረዶ ላይ ሊያሻግረው የሚችል ጀልባ ያስፈልግ ነበር። ካያክ የተሠራው ለዚህ ነው። ርዝመቱ አምስት ሜትር ያህል፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በአገሩ ትልልቅ ዛፍ ስለማይበቅል፣ አጽሙ የሚሠራው ባሕር ገፍቶ ከሚያመጣው እንጨት ነው። እንጨቱ በጠፍርና በጅማት ይታሰራል፤ በላዩም የአቆስጣ ቆዳ ይለበጣል። መሃሉ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ጀልባው በባለቤቱ አካል ልክ ስለሚሠራ፣ ሰውየው ጭኑን ከላይኛው እንጨት ጋር አጣብቆ ሲቀመጥ ጀልባውና ወገቡ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳሉ። ካያክ የሚቀመጡበት ሳይሆን የሚለብሱት ጀልባ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አዳኙ ከፊቱ ገመድ ያለው ጦር፣ ጦሩን የሚያስፈነጥርበት «ኖርሳክ» የተባለ መወርወሪያ እንጨትና የተጠመጠመ ገመድ ያኖራል። ከኋላው ደግሞ «አቫታክ» የተባለ በአየር የተነፋ የአቆስጣ ስልቻ አለ። ጦሩ እንስሳውን ሲወጋ ገመዱ እየተተረተረ ይሄዳል፤ ስልቻውም ወደ ባሕሩ ይጣላል። እንስሳው ወደ ጥልቁ ሲወርድ ስልቻው ወደ ላይ እየጎተተ ያደክመዋል። ይህ ሁሉ በደኅና ከሆነ ነው። ነገር ግን ገመዱ የአዳኙን እጅ፣ መቅዘፊያውን ወይም የጀልባውን ጫፍ ከጠለፈ፣ የቆሰለው እንስሳ በዓይን ቅጽበት ጀልባውን ይገለብጠዋል። ድንገት የሚመጣ ማዕበልና ከበረዶ ተራራ የሚናድ ጉማጅም እንዲሁ ያደርጋል።

እዚህ ላይ የሴቶቹን ሥራ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። አዳኙ «ቱይሊክ» የሚባል ከአቆስጣ ቆዳ የተሰፋ ልብስ ይለብሳል። ይህ ልብስ ፊቱን ከቦ በማሰሪያ ይጠብቃል፤ በእጁ አንጓ ላይ ይታሰራል፤ ታችኛው ጠርዙ ደግሞ በመቀመጫው ቀዳዳ ክፈፍ ዙሪያ ተወጥሮ ይያዛል። ስለዚህ ሰውየው ቢገለበጥም ውሃ ወደ ጀልባው አይገባም። ሴቶቹ ቆዳውን ሲሰፉ መርፌው የቆዳውን ውፍረት እንዳይበሳው እየተጠነቀቁ በእጥፍ ስፌት ይሰፉት ነበር። አንዲት ስፌት ብትላላ ጀልባው ውሃ ይሞላል፤ ውሃ የሞላም ጀልባ አይነሣም። እንግዲህ ከመነሣቱ ጥበብ ከፊሉ የባሕር ላይ ሳይሆን የቤት ውስጥ ሥራ ነበር።

ለ. የመነሣቱ አሠራር

ካያክ ሲገለበጥ የሰውየው ራስ ወደ ታች፣ የጀልባው ሆድ ወደ ሰማይ ይሆናል። ከመቀመጫው ወጥቶ መዋኘት ለሌላ አገር ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት አሳብ ነው። በግሪንላንድ ግን ይህ መዳኛ አልነበረም። ውሃው በረዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነውና ሰው በውስጡ ብዙ አይቆይም፤ ከአዳኞቹም ብዙዎቹ ዋና አያውቁም ነበር። ከጀልባው የወጣ ሰው ባልንጀራ አጠገቡ ካልደረሰለት መጨረሻው ሞት ነው። ስለዚህ የቀረው መንገድ እንደ ተቀመጡ ተመልሶ መነሣት ብቻ ነው።

ዋናው ዘዴ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ድጋፍ ነው። ሰውየው መቅዘፊያውን ከጀልባው ጎን አስጠግቶ ወደ ውሃው ገጽ ካቀረበ በኋላ፣ በሰፊው ከፊት ወደ ኋላ ይጠርገዋል። ውሃ በቀስታ ሲነኩት ይሸሻል፤ በሰፊ ጠረጋ ሲመቱት ግን ለቅጽበት ያህል እንደ መሬት ይደግፋል። ሁለተኛው ዳሌና ጭን ነው። ድጋፉ በተገኘበት በዚያች ቅጽበት ሰውየው በጭኑ ጀልባውን እየገፋ ያቃናዋል፤ አስቀድሞ የሚቃናው ጀልባው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሦስተኛው የአካሉ አቀማመጥ ነው። ሰውየው ወደ ኋላ ተንጋሎ ጀርባውን ወደ ጀልባው ያስጠጋል፤ በልብሱ ውስጥ የቀረው አየር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጭንቅላቱም ከሁሉ በኋላ ይወጣል።

ጀማሪው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው አስቀድሞ የሚያነሣው ጭንቅላቱን ነው። ጭንቅላት በውሃ ውስጥ ሳለ ውሃው ይሸከመዋል፤ ከውሃ ሲወጣ ግን ክብደቱ ሁሉ ይመለስና ገና ያልተቃናውን ጀልባ መልሶ ይገለብጠዋል። ስለዚህ የትምህርቱ ዋና ፍሬ ነገር ጉልበት አይደለም። ፍርሃት አስቀድም የሚለውን ነገር ወደ መጨረሻ ማቆየት ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውነት እሺ እስኪል ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ሐ. ልጅ እንዴት ይማር ነበር

ወንድ ልጅ የካያክን ነገር የሚጀምረው በጨዋታ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ የአባቱን መሣሪያዎች በትንሹ ተሠርተው ይሰጡታል። ከፍ ሲል በልኩ ትንሽ ካያክ ይሠራለትና በጸጥተኛ ውሃ፣ አባቱ ወይም አጎቱ አጠገቡ ሆኖ ሚዛኑን ይማራል። የመጀመሪያውን አቆስጣ በገደለ ጊዜ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ሥጋውን ተካፍሎ ይደሰት ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዳኝ ይቆጠራልና።

ባሕር ላይ ለመውጣት በማይመችበት ወራትም ትምህርቱ አይቋረጥም ነበር። በቤት ውስጥ ወይም በደጅ ገመድ ይወጠርና ልጆቹና ጎልማሶቹ በገመዱ ላይ እየተንጠላጠሉ ይዞሩ፣ ይገለበጡ፣ ይነሡም ነበር። ይህ የገመድ ልምምድ ክንድንና ወገብን ያበረታል፤ ከዚህም በላይ ሰው ራሱ ወደ ታች ሳለ ግራና ቀኙን እንዳይስት ያለማምደዋል። ማየት በማይቻልበት ውሃ ውስጥ ላይና ታቹን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ላስተዋለ፣ ልምምዱ የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

በዚህ አስተማማር ውስጥ መጽሐፍ የለም፤ ረጅም ማብራሪያም ያለ አይመስልም። ልጁ ያያል፤ ይሞክራል፤ ሲያቅተው የአባቱ እጅ ያነሣዋል። አዳኝ ሁሉ ግን ሊቅ ነበር ማለት አይደለም። የቀድሞ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ካያክ እየቀዘፉ ያረጁ ነገር ግን ሲገለበጡ ብቻቸውን መነሣት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በካያክ መሞትም በአገሩ የተለመደ የሐዘን ምክንያት ነበር።

መ. ጥበቡ በጽሑፍ ውስጥ

ሐንስ ኤገደ የተባለው ሚሲዮናዊ በ1721 ወደ ምዕራብ ግሪንላንድ ከመጣ በኋላ፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮ የሚጻፈው ነገር እየበዛ ሄደ። ለእኛ ጥያቄ እጅግ የሚጠቅመው ግን የጀርመኑ ሚሲዮናዊና የታሪክ ጸሐፊ የዳቪድ ክራንዝ ሥራ ነው። ክራንዝ በ1761 ወደ ግሪንላንድ ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠና፣ በ1765 የአገሩን ታሪክ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወጣቶቹ የሚለማመዷቸውን የመገልበጥና የመነሣት ዘዴዎች በቁጥር አሥር አድርጎ ዘርዝሯል።

ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንዱ ልምምድ መቅዘፊያው በጀልባው ጠፍሮች ውስጥ ተጠላልፎ ሳለ መነሣት ነው። ሌላው መቅዘፊያው ከማጅራት ኋላ፣ ሌላውም ከጀርባ ኋላ ተይዞ ሳለ ነው። ሌላው ደግሞ መቅዘፊያው ከእጅ ጠፍቶ በመወርወሪያው እንጨት፣ በቢላዋ ወይም በባዶ መዳፍ ብቻ መነሣት ነው። ለትርኢት የተፈጠሩ ቢሆኑ ኖሮ እነዚህ ነገሮች ትርጉማቸው አይገባንም ነበር። ከላይ ከተመለከትነው የአደን ሥራ ጋር ስናስተያያቸው ግን እያንዳንዱ ቦታውን ያገኛል። ገመድ እጅን ከመቅዘፊያው ጋር ሲያስር፣ ማዕበል መቅዘፊያውን ሲነጥቅ፣ አንድ እጅ መሣሪያውን እንዳይጥል ሲጨነቅ ምን ይደረጋል? ዝርዝሩ ለዚህ ሁሉ መልስ ነው። ክራንዝ ራሱም አዳኞቹ በሥራቸው ላይ እንዲህ ባለው መጠላለፍ ውስጥ ስለሚወድቁ ልምምዱ እንደሚያስፈልጋቸው አመልክቷል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኖርዌዩ ተጓዥ ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 የግሪንላንድን በረዶ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ፣ ክረምቱን ዛሬ ኑክ በምትባለው በጎትሆብ አሳለፈ። ናንሰን ተመልካች ብቻ አልነበረም፤ ካያክ ተቀምጦ ከአዳኞቹ ጋር ወጥቷል። በ1891 ባሳተመው የኢኑይቶችን ኑሮ በሚገልጸው መጽሐፉም ሰው ተገልብጦ መነሣትን ካልቻለ ፍጹም የካያክ ሰው ሊባል እንደማይችል ጽፏል፤ በመቅዘፊያ፣ በመወርወሪያ እንጨትና በክንድ ብቻ የሚነሡትንም አውስቷል።

የጽሑፍን ኃይል የሚያሳየው ታሪክ ከዚህ ይቀጥላል። ኤዲ ፓውላታ የተባለ የኦስትሪያ ሰው፣ ግሪንላንድን ሳያይና መምህር ሳይኖረው፣ ተጓዦች የጻፉትን እያነበበ በ1927 በአገሩ ቫይሰንዜ በተባለው ሐይቅ ላይ ተገልብጦ መነሣት ቻለ። የተጠቀመበት ዘዴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ጽሑፍ የአንድን ዘዴ አጽም ባሕር ተሻግሮ ሊያደርስ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ፓውላታ የተማረው በሐይቅ ላይ፣ ገመድና የቆሰለ እንስሳ በሌለበት ነው። ያገኘው መልሱን ነበር፤ ጥያቄው ግን በግሪንላንድ ቀርቷል።

ከሕዝቡ ከራሱ የተማሩም ነበሩ። እንግሊዛዊው ጂኖ ዋትኪንስ ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ የሚወስድ የአየር መንገድ ለማጥናት ከ1930 እስከ 1931 በምሥራቅ ግሪንላንድ የቆየውን ጓድ መራ። በዚያም ጊዜ ከአገሩ አዳኞች ካያክን ተምሮ ተገልብጦ መነሣትን በሚገባ ቻለ። በ1932 ተመልሶ መጣ፤ ነሐሴ 20 ቀን ለጓደኞቹ ምግብ የሚሆን አቆስጣ ለማደን ብቻውን ወጣ። ጓደኞቹ ባዶው ካያክ ሲንሳፈፍ አገኙት፤ ሱሪውና የካያኩ መቀነት በበረዶ ጉማጅ ላይ ተገኙ፤ እርሱ ግን አልተገኘም። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ምን እንደ ደረሰበት በእርግጥ የሚያውቅ የለም። የተገኙት ዕቃዎች ግን ከጀልባው ተለይቶ በበረዶው ላይ እንደ ነበረ ያመለክታሉ። የመነሣት ጥበብ ሁሉ ሰውየው በጀልባው ውስጥ መሆኑን መነሻ ያደርጋል፤ ከጀልባው ለተለየ ሰው አይረዳም። በእርሱ ላይ የደረሰው ለአዳኞቹ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ጥበቡን ጠንቅቀው የሚያውቁትንም ባሕሩ ይወስዳቸው ነበር።

ሠ. መጥፋትና መመለስ

ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ብቻ የሚተላለፍ ጥበብ በአንድ ትውልድ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ የሚኖሩት ኢኑግሁይት የተባሉት ወገኖች ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ሮስ በ1818 ባገኛቸው ጊዜ ካያክ አልነበራቸውም። በአፍ የተላለፈው ታሪካቸው እንደሚለው፣ ከዚያ በፊት የመጣ በሽታ ዕውቀቱን የያዙትን ሽማግሌዎች ጨርሷቸው ነበር። በ1860ዎቹ ግን ቂላክ በተባለ መሪ እየተመሩ ከባፊን ደሴት የተሰደዱ ኢኑይቶች መጡና የካያክን ሥራ ከቀስትና ከዓሣ መውጊያ ጋር መልሰው አስተማሯቸው። የጠፋው ጥበብ የተመለሰው በሰዎች አማካይነት ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት በደቡብና በምዕራብ ግሪንላንድ የደረሰው መዳከም ግን ምክንያቱ ሌላ ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ባሕሩ ሞቅ በማለቱ ኮድ የተባለው ዓሣ በብዛት መጣ፤ አቆስጣውም ወደ ሰሜን ሸሸ። አዳኙ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። የሞተር ጀልባም ካያክን ተካ። ግሪንላንድ በ1953 ቅኝ ግዛትነቷ ቀርቶ የዴንማርክ መንግሥት አንድ ክፍል ከሆነች በኋላ ደግሞ፣ ከትንንሽ መንደሮች ወደ ከተማ የሚሄደው ሕዝብ በዛ። ካያክ በሰሜን በኩል፣ ይልቁንም ናርዋል የተባለውን ባለ ቀንድ ዓሣ ነባሪ በሚያድኑት በኢኑግሁይት ዘንድ በሥራ ላይ ቆየ። በሌላው ስፍራ ግን ልጆች ተገልብጦ መነሣትን ከአባቶቻቸው መማር ተዉ። ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር አይገባም፤ አባት ልጁን ከሚያሰጥም ሥራ ሲያርቀው ሊወቀስ አይችልም። አደጋው ሲቀር መልሱም ያለ ጥያቄ ቀረ።

መመለሱ የተጀመረው ግሪንላንድ በ1979 የውስጥ አስተዳደር ካገኘች በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተቀምጠው የኖሩ የጥንት ካያኮች በኑክ ለሕዝብ ታዩ፤ ወጣቶችም ማኅበር አቋቁመው በአሮጌው ልክ አዲስ መሥራት ጀመሩ። በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ ማኅበራቱ «ቃናት ካቱፊያት» በተባለ አገር አቀፍ ኅብረት ተባበሩ። ጀልባውን ከቤተ መዘክር መለካት ይቻል ነበር፤ የግሪንላንዱ መምህር ሐንስ ክርስቲያን ፔተርሰንም በ1986 ስለ አገሩ የቆዳ ጀልባዎች ሰፊ መጽሐፍ አውጥቷል። የመነሣቱ ጥበብ ግን በቤተ መዘክር መስኮት ውስጥ አይቀመጥም። ለዚህ ገና በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ያስፈልጉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ማናሴ ማቴዩሰን ነበር፤ የአሜሪካው የካያክ ተመራማሪ ጆን ሂዝ ዘዴዎቹን ተከታትሎ መዝግቧል።

ዛሬ ኅብረቱ በሚያደርገው አገር አቀፍ ውድድር ከሠላሳ የሚበልጡ የመነሣት ዘዴዎች በግራና በቀኝ እየታዩ እንደ ክብደታቸው ነጥብ ይሰጥባቸዋል። በመወርወሪያ እንጨት፣ በክርን፣ እጅን በደረት ላይ አጣጥፎ፣ ድንጋይ ይዞ የሚነሡም አሉ። የገመዱም ልምምድ ከውድድሩ አንዱ ክፍል ነው። ከአያቱ የካያክን ሥራ የተማረው የሲሲሚዩት ልጅ ማሊጊያክ ፓዲላ በ1998 በ16 ዓመቱ አሸናፊ ሆነ። ውድድሩ ከክራንዝ አሥር ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ዝርዝሩ አድጓል፤ ጨዋታም ገብቶበታል። ቢሆንም አንድ እጁ ድንጋይ የያዘውን ተወዳዳሪ የሚያይ ሰው፣ መሣሪያውን ላለመጣል የሚታገለውን የጥንቱን አዳኝ ማሰብ ይችላል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የአካል ጥበብ ለታሪክ ተማሪ እንደ ሰነድ ሊነበብ የሚችል መሆኑ ነው። የኢኑይት አዳኞች ስለ አደጋቸው መጽሐፍ አልጻፉም፤ ነገር ግን ምን ምን ያስፈራቸው እንደ ነበረ ልጆቻቸውን ካለማመዷቸው ነገር በቅደም ተከተል እናውቃለን። ሁለተኛው፣ ጽሑፍና ሰው በመጠበቅ ሥራ ላይ ድርሻቸው የተለያየ መሆኑ ነው። የክራንዝና የናንሰን መጻሕፍት ዘዴው እንዳለ አስታወሱ፤ ፓውላታንም አስተማሩ። ጥበቡ በግሪንላንድ ተመልሶ የአገር ጥበብ የሆነው ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ሊጠይቋቸው የሄዱ ወጣቶች በመገኘታቸው ነው። ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ ኖሮ የሚቀርላቸው የመጽሐፉ አጽም ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ የሚሠማራ ተማሪ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ጎን ለጎን ከአዋቂው ዘንድ የሚሄድበትን ቀን አስቀድሞ እንዲወስን የሚያስገድደው ይህ ነው።